የአባቴን የደጋ አጋዘን ቀንድ አወረድኩት፣ በትክክል እንዴት ነው የሚለካው? ከአሜሪካ አጋዘን ቀንድ ጋርስ ይወዳደራል?

የሠራተኛሰፈር_ልጅ

ሰላም የመድረኩ ሰዎች እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

ቤት ልንቀይር ስለሆነ እዚህ ፒያሳ ሠራተኛ ሰፈር ካለው ቤታችን ዕቃ እየሰበሰብን ነው፣ እና ትናንት ሳሎን ግድግዳ ላይ ከተወለድኩ ጀምሮ ተሰቅሎ የማውቀውን የአባቴን የደጋ አጋዘን ቀንድ አወረድኩት። አባቴ ነፍሱን ይማረውና በባሌና በአርሲ ደጋ ላይ ለአዳኞች መንገድ እየመራ ቆዳ እየገፈፈ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነው፣ ይሄኛውን ግን በራሱ ፈቃድ አውጥቶ በ1964 ዓ.ም. የጣለው ነው። ከታች ሲታይ ትንሽ ይመስለኝ ነበር፣ ሳወርደው ግን ሁለት እጄን ሙሉ ነው የያዝኩት።

አሁን ጉዳዩ ምንድነው፣ የአጎቴ ልጅ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው፣ እዛ አደን ለምዶ ዘንድሮ ጥቅምት 29 (በነሱ ኖቬምበር 8) በቀስት አንድ ነጭ ጭራ አጋዘን ጥሎ የቀንዱን ፎቶ ቤተሰብ ግሩፕ ላይ ለቀቀ። «138 አለኝ» ይላል። 138 ምን? ብዬ ስጠይቀው ኢንች ነው አለኝ። እኔ ደግሞ የእናቴን የልብስ ስፌት ሜትር አምጥቼ የአባቴን ስለካ 93 ሴንቲ ሆነ፣ ይሄ በኢንች 36 ከምናምን ነው። 138 እና 36 እንዴት ነው የሚወዳደረው? የሱ ቀንድ ከሰውየው ጋር ሲታይ እኮ ያን ያህል የሚያህል አይደለም። ግሩፑ ላይ ደግሞ ወሬው ተነስቶ የአባቴ ቀንድ ትንሽ ነው ትልቅ ነው እየተባለ ነው፣ እኔን ደግሞ ይሄ ነገር ውስጤ ገብቷል። አባቴ ስለዚህ ቀንድ ሲያወራ ዓይኑ ይበራ ነበር፣ ቁጥሩን በትክክል አውቄ ከፎቶው ጋር ጽፌ ለልጆቼ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። የምታውቁ ንገሩኝ።

ባዮ_አራትኪሎ

ወንድሜ አባትህን ነፍስ ይማር። መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ፣ ምክንያቱም ችግሩ የሚጀምረው ከቋንቋችን ነው። እኛ ሁሉንም «ቀንድ» ነው የምንለው፣ ሁለቱ ግን ጭራሽ የተለያየ ነገር ናቸው።

የአጎትህ ልጅ የጣለው እንስሳ ቀንዱ ሙሉ በሙሉ አጥንት ነው። በየዓመቱ ይወድቅና እንደገና ይበቅላል። ሲያድግ ላዩ ላይ እንደ ከፈይ ያለ ፀጉራም ቆዳ አለው፣ ደም ሥር ያለበት፣ ዕድገቱ ሲያልቅ ያ ቆዳ ይደርቅና በዛፍ እየፈተገ ያወልቀዋል። የመራቢያ ወቅታቸው ካለፈ በኋላ ክረምታቸው ላይ ቀንዱ ራሱ ይረግፋል። ቅርንጫፍ አለው።

የአባትህ የደጋ አጋዘን ግን ከበሬና ከፍየል ወገን ነው። ውስጡ ከራስ ቅሉ የወጣ አጥንት አለ፣ ላዩ ደግሞ እንደ ጥፍራችን ዓይነት ኬራቲን የሚባል ቁስ የለበሰ ነው። ዕድሜ ልኩን አይረግፍም፣ ቅርንጫፍ አያወጣም፣ ከሥሩ እየተገፋ ነው የሚያድገው። ለዚህ ነው ዋንጫ የሚሠራው ከዚህኛው ዓይነት እንጂ ከዛኛው ሊሠራ የማይችለው፣ ከውስጡ አጥንቱ ሲወጣ ባዶ ቀፎ ይቀራል።

ስለዚህ የአሜሪካው እንስሳ እኛ አገር የለም፣ አጋዘን የምንለው በመልክ ስለሚመሳሰሉን ነው። ከዛ ወገን አፍሪካ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው ሰሜን አፍሪካ አልጄሪያና ቱኒዚያ አካባቢ ያለው ብቻ ነው። በመዝሙረ ዳዊት ወደ ውኃ ምንጭ የሚናፍቀው ዋላ ከነሱ ጋር ነው የሚገጥመው።

የደጋ አጋዘን ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፣ ሳይንስ ያወቃት ራሱ ዘግይቶ ነው፣ በ1908 ባክስተን የሚባል እንግሊዛዊ አዳኝ አርሲ ላይ ገድሎ ናሙናውን ለንደን ወሰደው፣ በ1910 ሊዴከር የሚባለው ተመራማሪ ስም አወጣለት። እርግጥ የባሌና የአርሲ ሰው ገደምሳ ብሎ ከጥንት ጀምሮ ያውቃታል። አስር ሳንቲም በእጃችሁ ካለ ገልብጣችሁ እዩ፣ ያለችው እሷ ናት።

ጋሽ_ኮቻ

ልጄ አባትህን ሳላውቀው አልቀርም፣ በዛን ዘመን በደጋው የሠራን ሰዎች ብዙ አልነበርንም። ስም እዚህ አልጽፍም፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ወደ ጥያቄህ። በልብስ ስፌት ሜትር የለካኸውን ተወው። የጨርቅ ሜትር ይሳባል። ሁለተኛ ከየት ጀምረህ በየት በኩል አድርገህ እንደለካህ አልነገርከንም፣ የጠመዝማዛ ቀንድ ነገሩ ሁሉ እሱ ነው። ከሥሩ እስከ ጫፉ በቀጥታ ገመድ ብትዘረጋ አንድ ቁጥር ታገኛለህ፣ በውጪው ጉብታ ብትሄድ ሌላ፣ ጎድጎድ ያለው ውስጥ እየገባህ እየወጣህ ብትሄድ ሌላ። አንዱ ቀንድ ሦስት ርዝመት ይኖረዋል ማለት ነው።

ትክክለኛው መንገድ ሸንተረሩ ነው። ቀንዱን በጣትህ ዳስሰው፣ ከሥሩ በፊት ለፊት በኩል ተነስቶ ከጥምዝምዙ ጋር እየዞረ ወደ ላይ የሚወጣ ስል ያለ ሸንተረር ታገኛለህ። ሜትሩ ከሥሩ ሸንተረሩ ከሚነሳበት ዝቅተኛ ነጥብ ጀምሮ ሸንተረሩን ሳይለቅ እስከ ጫፉ ይሄዳል። ጠፍጣፋ ሜትር እየተንሸራተተ ያስቸግርሃል፣ እኛ በኋላ በኋላ ቀጭን ካቦ ነበር የምንጠቀመው። የብስክሌት ፍሬን ካቦ ግዛ፣ አይሳብም፣ ይታጠፋል። በየአራት ጣቱ በወረቀት ማጣበቂያ እየያዝክ ሂድ፣ ጫፉ ላይ ምልክት አድርግ፣ ከዛ ካቦውን ዘርግተህ በብረት ሜትር ለካው።

ሁለቱንም ቀንድ እንዲህ ትለካለህ። ቀጥሎ የሁለቱንም ሥር ዙሪያ። ዙሪያውን ስትለካ የሥሩን ወጣ ገባ ጠርዝ እንዳትከተል፣ ቀንዱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ የሚቆርጥ ክብ አድርገህ ነው።

ሁለት ዓይነት አመዘጋገብ አለ። የድሮው የሮውላንድ ዋርድ ነው፣ ሰውየው ለንደን ውስጥ የዱር እንስሳ እየሞላ የሚያቆም ባለሙያ ነበር፣ መዝገቡ የተጀመረው በ1892 ነው። እዛ ላይ ረዥሙ ቀንድ ነው ደረጃ የሚሰጠው። ሁለተኛው የአሜሪካኖቹ ሳፋሪ ክለብ ነው፣ እነሱ የሁለቱን ርዝመትና የሁለቱን ሥር ዙሪያ ይደምራሉ። የግራና የቀኝ ልዩነት አይቀነስም፣ ያለው ሁሉ ይቆጠራል።

ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ለካ። ሁለቱ ካልገጠሙ ሦስተኛ።

ሰፊዋ_ካዛንቺስ

ጋሼ ስለ ሜትሩ ያሉት እውነት ነው እኔ ሥራዬ ስለሆነ ልመስክር። የጨርቅ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል፣ ይሄ አንድ ነው። ግን የባሰው ጫፉ ላይ ያለችው ብረት ናት። ብዙ ጊዜ ስለምትጎተት ትላቀቅና ሰው መልሶ ይመታታል፣ ሲመታት ደግሞ የመጀመሪያዋን ግማሽ ሴንቲ ይበላታል ወይ ትወድቅና ሜትሩ ከ1 ይጀምራል። ወንድም የእናትህን ሜትር ከብረት ሜትር ጎን ዘርግተህ እየው፣ ደንበኛዬ የሱሪው ወገብ ሰፋኝ ብሎ መልሶ ካመጣብኝ በኋላ ነው እኔም ያየሁት፣ መቶ ሴንቲ ላይ አንድ ሴንቲ ተኩል ልዩነት ነበረው።

የሚኒሶታው

ሰላም፣ የተባልኩት የአጎት ልጅ እኔ ነኝ። ማን ይበልጣል ብዬ አይደለም ፎቶውን የለቀቅኩት፣ ጋሼን (የሱን አባት ማለቴ ነው) በጣም ነው የምወደው፣ አደን የሚባለውን ነገር መጀመሪያ የሰማሁት ከሳቸው አፍ ነው። ገና ልጅ ሆኜ ያን ቀንድ ሥር ቁጭ ብዬ ነው ያደግኩት።

የኔ 138 እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ። እዚህ አገር ቡን ኤንድ ክሮኬት የሚባል በ1887 ቴዎዶር ሩዝቬልት ያቋቋመው ክለብ አለ፣ አሁን የምንለካበትን አለካክ በ1950 ነው ያጸደቀው። በቀስት ለሚያድን ፖፕ ኤንድ ያንግ የሚባል ሌላ አለ፣ አለካኩ አንድ ነው ግን መግቢያው ዝቅ ይላል። ነጠላ ርዝመት ሳይሆን ብዙ ልኬት ይደመራል፣ ለዚህ ነው ቁጥሩ ከመቶ የሚያልፈው፣ ሁሉም ደግሞ በኢንች ስምንተኛ ነው።

ግንዱ ከራስ ቅሉ ጋር ከሚገናኝበት ሻካራ ቀለበት በውጪ በኩል ከታችኛው ጠርዝ ተነስቶ እስከ ጫፍ። ከዛ ከግንዱ የሚወጡት ቅርንጫፎች፣ ጂ-1 ጂ-2 ጂ-3 እያልን ነው የምንጠራቸው፣ የግንዱን ላይኛ መስመር በእርሳስ ታሰምርና ከዛ መስመር እስከ ጫፋቸው። ቅርንጫፍ ለመባል ቢያንስ 1 ኢንች መሆንና ከስፋቱ ርዝመቱ መብለጥ አለበት። ከዛ በየቅርንጫፉ መሀል ግንዱ የቀጠነበት ቦታ ላይ ዙሪያ ይለካል፣ በየጎኑ አራት አራት። መጨረሻ በሁለቱ ግንዶች መሀል ያለው ስፋት። የኔ ይሄው፣

ግንድ፦ ቀኝ 22 4/8፣ ግራ 21 7/8
ጂ-1፦ ቀኝ 4 2/8፣ ግራ 4
ጂ-2፦ ቀኝ 9 1/8፣ ግራ 8 3/8
ጂ-3፦ ቀኝ 7፣ ግራ 7 4/8
ጂ-4፦ ቀኝ 2 6/8፣ ግራ የለም
ዙሪያ አራቱ፦ ቀኝ 4 3/8፣ 4፣ 3 7/8፣ 3 4/8፣ ግራ 4 3/8፣ 3 7/8፣ 3 6/8፣ 3 2/8
ስፋት፦ 19 4/8

ድምሩ 137 7/8 ነው፣ 138 ያልኩት ለዛ ነው።

ባዮ_አራትኪሎ

ስፋቱን በውስጥ ነው በውጪ የለካኸው? 19 4/8 ከ22 ኢንች ግንድ ጋር ሳየው የውጪው ይመስለኛል።

የሚኒሶታው

አዎ ከውጪ ወደ ውጪ ነው 😳 ቆይ ልየው።

...

ልክ ነህ ወንድሜ። ወረቀቱ ላይ የውስጥ ይላል፣ ከራስ ቅሉ መሀል መስመር ጋር ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ፣ በጣም ሰፊው ቦታ ላይ። በውስጥ 17 3/8 ነው። ስለዚህ ጠቅላላው 135 6/8 ሆነ። ሁለት ኢንች ከእጄ ወጣ ማለት ነው፣ ግን ትክክሉ ይሻላል።

የሠራተኛሰፈር_ልጅ

ታዲያ 135 6/8 ነው በቃ?

የሚኒሶታው

አይደለም፣ እሱ ጠቅላላው ነው። የሚመዘገበው የተጣራው ነው፣ እና የተጣራው የሚመጣው የግራና የቀኙ ልዩነት ሁሉ ተደምሮ ሲቀነስ ነው። ግንዱ 5/8፣ ጂ-1 2/8፣ ጂ-2 6/8፣ ጂ-3 4/8፣ ዙሪያዎቹ በድምሩ 4/8፣ ጂ-4 ደግሞ ግራው ስለሌለ ሙሉ 2 6/8 ይሄዳል። ይሄ 5 3/8 ነው። ስለዚህ የተጣራው 130 3/8።

ያቺ ጂ-4 ነው የምታሳዝነው፣ አበቀላት፣ ተቆጠረችለት፣ ተመልሳ ተቀነሰችበት። ግራው ላይ መሰሏ ስለሌለች እንደሌለች ሆነች።

ደጋ_ለደጋ

ይሄ ቅነሳ ግን በፍጹም አይገባኝም። እንስሳው ያበቀለውን ቀንድ ለምን ትቀንስበታለህ? በፀሐይና በቅጠል በልፋቱ ያመጣው ነው። የኛው ይሻላል ያለው ሁሉ የሚቆጠርበት።

የሚኒሶታው

እዚህም በዚህ ነገር ሰዎች ሲከራከሩ ነው የሚኖሩት። የሚደግፉት የሚሉት የተስተካከለ ቀንድ ጤነኛ የሆነ በደንብ የበላ እንስሳ ምልክት ነው፣ ለዛ ነው ሚዛን የሚሰጠው። አለካኩን ያወጡት ሰዎች ዓላማ ደግሞ የአዳኙን ጉብዝና መለካት አልነበረም፣ የትኛው አካባቢ ጥሩ እንስሳ እያወጣ ነው የሚለውን ለመከታተል ነው። ያልተስተካከለ ቀንድ ደግሞ ለብቻው ምድብ አለው፣ እዛ ላይ ትርፍ ቅርንጫፎቹ ይደመራሉ እንጂ አይቀነሱም።

ለማወዳደር ያህል ቡን ኤንድ ክሮኬት ላይ ለተስተካከለ የነጭ ጭራ አጋዘን ቀንድ ዋናው መዝገብ ውስጥ ለመግባት 170 ነው የሚጠየቀው። በዚህ ምድብ እስካሁን ትልቁ በ1993 ካናዳ ሳስካችዋን የተገደለው 213 5/8 ነው። በቀስት ግን መግቢያው 125 ስለሆነ የኔ ያልፋል። ግን ገና ነው፣ ከተገደለ 60 ቀን ሳይሞላው ማንም ኦፊሴል ለካሽ አይነካውም፣ መድረቅ አለበት።

ጋሽ_ኮቻ

ጥቅምት 29 ነው ያልከው? እንግዲህ በኛ አቆጣጠር ወር 30 ስለሆነ ሁለት ወር ልክ 60 ቀን ነው። ታኅሣሥ 29 ገና ዕለት ይሞላልሃል።

መድረቁ ቀላል ነገር አይደለም። እርጥብ ቀንድ ሁሌም ይበልጣል። እኛም ካምፕ ውስጥ የምንለካውና አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የሚለካው ገጥሞ አያውቅም። ሰዎች ይጣሉ ነበር በዚህ፣ አዳኙ ተታለልኩ ይላል፣ እኛ ምን እናድርግ የደረቀው ቀንዱ ነው።

የሠራተኛሰፈር_ልጅ

እሺ ለካሁ። ዛሬ ከሥራ በጊዜ ወጥቼ ፒያሳ ከብስክሌት ጠጋኝ የፍሬን ካቦ ገዛሁ፣ የብረት ሜትርም ገዛሁ። መጀመሪያ የእህታችንን ምክር ይዤ የእናቴን ሜትር ከብረቱ ጎን ዘረጋሁት፣ እውነትም አንድ መቶ ሲል ብረቱ 101.4 ይላል። ጫፏ ላይ ያለችውም ብረት ተመትታ ተመትታ የመጀመሪያዋ መስመር ግማሽ ተሸፍናለች።

ከዛ ቀንዱን ምድር ላይ ምንጣፍ ዘርግቼ አስቀመጥኩት። በእርጥብ ጨርቅ አበስኩት፣ አቧራው ሲለቅ ከሥሩ ጥቁር ቡናማ ነው፣ ወደ ጫፉ እየቀላ ሄዶ መጨረሻው ሁለት ጣት ያህል እንደ ዝሆን ጥርስ ነጭ ሆኖ ብርት ብሏል። ይሄን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም፣ ግድግዳ ላይ ሁሉም ጥቁር ነበር። ሸንተረሩን በአውራ ጣቴ ዳስሼ አገኘሁት፣ ጋሼ እንዳሉት ከፊት ለፊት ይነሳና ወደ ውጪ ይዞራል፣ አንድ ቦታ ላይ በጣም ሾሎ ጣት ይይዛል፣ ከዛ ወደ ላይ ሲሄድ እየሟሸሸ ጫፉ ጋ ሲደርስ በዓይን አይታይም በጣት ብቻ ነው የሚገኘው። ባለቤቴ ካቦውን ከሥሩ ይዛልኝ እኔ በማጣበቂያ እየያዝኩ ወጣሁ።

ቀኝ፦ 87 ሴንቲ፣ 34 2/8 ኢንች
ግራ፦ 85.4 ሴንቲ፣ 33 5/8
የቀኝ ሥር ዙሪያ፦ 9 6/8
የግራ ሥር ዙሪያ፦ 9 5/8

ሁለት ሁለት ጊዜ ለክቼ ቀኙ አንድ ዓይነት ነው የመጣው፣ ግራው በመጀመሪያው 85.9 ነበር፣ ሦስተኛ ስለካ 85.4 ስለሆነ እሱን ያዝኩ። ድምር በሳፋሪ ክለቡ 87 2/8 ነው፣ በሮውላንድ ዋርዱ ረዥሙ 34 2/8።

93 ያልኩት የትናንቱ ቁጥር የመጣው ጎድጓዳው ውስጥ እየገባሁ ስለለካሁ ነው፣ አሁን ደግሜ በዛው መንገድ በካቦ ስሄድ ያንኑ ያህል ሆነ።

ሌላ ነገር። ቀንዱ የተሰካበትን ጣውላ ልጠርግ ስገለብጠው ጀርባው ላይ በእርሳስ የአባቴ ጽሑፍ አለ። «ቀኝ 35፣ ግራ 34 ተኩል፣ ሆንቆሎ፣ የካቲት 64» ይላል። ሆንቆሎ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አለ?

ጋሽ_ኮቻ

ሆንቆሎ አርሲ ውስጥ ነው ልጄ፣ ከጭላሎና ከካካ በስተደቡብ ደጋው ላይ። ብርድ ነው። አባትህ እዛ ከሆነ የጣለው በእግሩ ነው የወጣው፣ መኪና የሚደርስበት አልነበረም በዛ ጊዜ።

35 ያለው እርጥቡን ነው። በገደለበት ቀን ለክቶ ጽፎት ነው። አሁን 34 2/8 አገኘህ፣ ከ50 ዓመት በላይ ደርቆ ሩብ ሦስቴ ጎደለ፣ የሚጠበቅ ነው። በጣም በጥንቃቄ ነው የለካው አባትህ። ብዙ ሰው በዛ ጊዜ 36 ብሎ ይጽፍ ነበር።

የጫፉ ነጭነት ደግሞ ልብ በለው። ወጣት ወንድ ጫፉ ያን ያህል አይነጣም። ሥሩ ወፍሮ ጫፉ ተፍቆ የነጣ ዕድሜው የገፋ ነው። እኔ ለማየት የምሄደው ርዝመቱን አይደለም ያንን ነው። አንዳንዱ ሽማግሌ ወንድ በመሬትና በቁጥቋጦ እየፈተገ ጫፉን ይጨርሰዋል፣ ሲለካ ከወጣቱ ያንሳል፣ እኛ ግን ሁልጊዜ እሱን ነው የምናሳየው ለአዳኙ፣ ዘሩን ጨርሷልና።

ዲንሾ_ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ አባትህንም ነፍስ ይማር፣ ቅር እንዳይልህ ብዬ ብዙ ጊዜ ጽፌ አጥፍቻለሁ። እኔ ባሌ ነው ያደግኩት፣ ዲንሾ። ገደምሳ እቤታችን ጓሮ ድረስ ትመጣ ነበር፣ ጋይሳይ ሜዳ ላይ ጠዋት ጉም ሳይለቅ መንጋዋን ቁጭ ብዬ አይ ነበር። እንስሳዋ በዓለም ላይ ለመጥፋት ከተቃረቡት ውስጥ ናት። ያለችው እኛ ጋ ብቻ ነው። ስለ ኢንች ስታወሩ ሳነብ ልቤ ይከብደዋል። ወንዱን ስትገድሉ የምትመርጡት ትልቁን ነው፣ ትልቁ ደግሞ ለመንጋው የሚያስፈልገው ነው።

ጋሽ_ኮቻ

ልጄ አልተቀየምኩም፣ ያልከው ከልብ ነው። እኔ ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርህ፣ ደጋው ላይ አጋዘኗን የጨረሳት ያ በዓመት በቁጥር የሚሰጠው ፈቃድ አይደለም። ደኑ ተመንጥሮ ገብስና ድንች ሆነ፣ ከብቱ ገባ፣ ውሻው ገባ፣ ጥጃዋን ውሻ በላት። በኮታ የሚታደንበት ቀበሌ ውስጥ ቢያንስ ጠባቂ አለ፣ ደኑን የሚቆርጥ ይጠየቃል። ግን አንድ ነገር እስማማልሃለሁ፣ ገና ጉልበቱ ያለውን ወንድ ለርዝመቱ ብሎ የሚገድል ሰው እኔም ጠልቼው ነው የኖርኩት። ለካሹ ርዝመት ብቻ ሲያይ አዳኙም ርዝመት ብቻ ያያል።

ዲንሾ_ነኝ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚህ ላይ አንድ ነን። የዕድሜው ነገር መዝገብ ላይ ቢገባ ጥሩ ነበር። ብሔራዊ ፓርኩ በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ አልቅሻለሁ፣ ግን ከፓርኩ ውጪ ያሉት ነገር ነው የሚያሳስበኝ።

ባለአዋጅ

ማንም ስላላነሳው ላንሳው፣ ቤት ስለምትቀይር በተለይ። የዱር እንስሳ ውጤት ያለ ፈቃድ መያዝም ማዘዋወርም ያስጠይቃል፣ አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና ደንብ 163/2000 አንብብ። የአባትህ ቀንድ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ነው ብለሃል፣ ወረቀቱ ካለ ፈልገው፣ በተቀዳደደም ቢሆን። ወረቀቱ ከሌለ ቀንዱን ይዘህ ከመንቀሳቀስህ በፊት የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሄደህ ጠይቅ። ቁጥሩን፣ ፎቶውን፣ የጣውላውን ጽሑፍ ይዘህ ሂድ፣ ቀኑና ቦታው ስላለበት ይጠቅምሃል። ወደ ሚኒሶታ መላክ የሚባል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ያለ ፈቃድ በሻንጣ እንዳታስቡት፣ ከዚህም ሲወጣ እዛም ሲገባ ወረቀት ይጠየቃል።

ለመሸጥ የሚጠይቅህ ሰው ቢመጣ አትመልስለት።

የሠራተኛሰፈር_ልጅ

አይሸጥም ወንድሜ፣ አይላክም። ወረቀቱን ዛሬ ማታ እናቴ አገኘችው፣ ከጋብቻ ወረቀታቸው ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ ነው ያስቀመጠችው። ማኅተሙ ደብዝዟል ግን ቁጥሩ ይነበባል፣ ሰኞ ይዤው እሄዳለሁ።

ጥያቄ ለጋሽ ኮቻ፣ ግራው ቀንድ ላይ ከሥሩ ወደ ላይ አንድ ስንዝር ላይ ሦስት የስፒል ቀዳዳ የሚያህሉ ቀዳዳዎች አሉ። ብል ነው?

ጋሽ_ኮቻ

ብል ነው። ቀንድ የሚበላ ትል አለ። ቀፎውን ቀስ ብለህ ነቅንቀው፣ ከአጥንቱ ከለቀቀ አውጥተህ ውስጡን አራግፈው፣ ዱቄት ከወረደ አሁንም እየበላው ነው። ዱቄት ከሌለ የድሮ ነው። ከፀሐይ አርቀው፣ ምድጃ አጠገብም አትስቀለው ይሰነጠቃል። ዘይት አትቀባው፣ ሰው ያብረቀርቅልኛል ብሎ ይቀባና አቧራ ይይዝበታል።

የሠራተኛሰፈር_ልጅ

ነቀነቅኩት፣ ቀኙ አይነቃነቅም፣ ግራው ለቀቀ። ዱቄት የለም። ግን ውስጡ የሆነ ነገር አለ፣ የሣር ጭራሮ የሚመስል ተጠቅልሎ አጥንቱና ቀፎው መሀል ተጠቅጥቋል። አባቴ ነው የጠቀጠቀው እንዳይነቃነቅ ብሎ?

ጋሽ_ኮቻ

አዎ። የጓሳ ሣር ነው። ሁላችንም እንደዛ ነበር የምናደርገው፣ ሙጫ አልነበረንም። መልሰህ እንዳለ አስገባው።

የሚኒሶታው

ወንድሜ ያንን ሣር ከመመለስህ በፊት ፎቶ አንሳልኝ። የኔን ታኅሣሥ 29 እንደለኩልኝ ቁጥሩን እዚሁ እጽፋለሁ፣ አንተም የጋሼን ጣውላ ጀርባውን በደንብ አንስተህ ላክልኝ፣ የእጅ ጽሑፋቸውን ማየት እፈልጋለሁ።

የሠራተኛሰፈር_ልጅ

ነገ በብርሃን አነሳዋለሁ። አሁን ከሱ ጽሑፍ ሥር በእርሳስ የኔን ጨምሬበታለሁ፣ «ቀኝ 34 2/8፣ ግራ 33 5/8፣ ደረቅ፣ ሠራተኛ ሰፈር» ብዬ።